የቆዳው ካሣ

በሠላሳ ስድስት፣ በኅዳር መባቻ፣
ወረቀት መጣልኝ ከጅቡቲ ዳርቻ።
ደብረ ሲና ላይ ነው፣ ከሱቄ ደጃፍ ላይ፤
አስተርጓሚው ጨርሶ አየ ወደ ሰማይ።

“መርከቢቱ ሰጥማለች” አለኝ፣ ቀስ ብሎ፤
“ከሥር መጥቶ መታት፣ ውኃ ውስጥ ተከልሎ።”
የግሪክ ናት አሉ፤ ስሟን አላውቀውም።
መድፍ የላት፣ ወታደር የላት፣ ምንም፤
ቡናና ሰም ጭና፣
የኔንም ቆዳ አክላ፣ ስትሄድ በደኅና።
“ማነው?” ስለው፣ “ሰርጓጅ፣ ብረት ለበስ ዓሣ።
ከታች ግን ተጽፏል የጭነትህ ካሣ።”

አንድ ሺህ ስድስት መቶ የመንዝ በግ ቆዳ፣
በጨው ታሽቶ፣ ታስሮ፣ የወጣ ማለዳ፣
ተቆጥሮ፣ ተባዝቶ፣ ዋጋው ሰፍሯል በብር፤
የእንግዳሸት ስም ግን የትም አልነበር።
አብሮ የላክሁት ልጅ፣ ለዕቃው ጠባቂ፣
ዋና እንኳ የማይችል፣ ሁልጊዜም ሣቂ።
“አደራህን” ብሎ ነው የሰጠኝ ባሻ፤
ለአደራ ግን እዚያ የለም ማካካሻ።

ብሩን በስልቻ ከትቼ ጫንሁና
ጣርማበርን ወጣሁ፣ ጉም ውስጥ እንደገና።
ወደ ኋላ ባይ ቆላው ከዓይኔ ጠፍቶ፣
ገደሉን ነጭ ጉም እስከ አፉ ሞልቶ፤
ከዚያ ከነጩ ሥር ውሻ ይጮኻል፣ አንድ።
ቤት የለ፣ ጭስ የለ፣ የለም መንገድ።
ባሕር እንዲህ ነው ወይ? እኔ አላየሁትም፤
ያየው ሰው ተመልሶ አልነገረኝም።

መርዶ በሌሊት ነው፣ ደንቡ ይህ ነው ድሮም፤
እኔ ግን ሞላሌ በቀትር ደረስሁ፤ አላደርሁም።
ባሻ ወልደየስ ከደጅ በግ ሲሸልት
መቀሱን አቆመ፤ አየኝ ፊት ለፊት።
ብሩን አኖርሁለት። ነገርሁት ሁሉንም።
አልጮኸም፤ ደረቱን አልመታም፤ ምንም።
“ይህ የቆዳው ነው?” አለኝ። “አዎ” አልሁ፣ አንገቴን ደፍቼ፤
ብዙ ቃል ነበረኝ በመንገድ አጥንቼ።

“ከቆዳው መካከል የኔም አለ አንዱ፤
የጥቁሩ ሙክት። አብረው ወረዱ።
የዚያን ዋጋ ስጠኝ፣ የዚያን ያንዱን ብቻ፤
ሌላውን መልሰህ ክተት ከስልቻ።”

በጉ ግማሽ ጎኑ ተሸልቶ፣ ቀርቶ
ነፋሱ ላይ ቆሟል፣ የሚጨርሰው አጥቶ።

ስልቻው አለ ዛሬም፣ ከሱቄ ተሰቅሎ፤
አልፈታሁትም፣ ይኸው፣ አቧራውን አዝሎ።
ጉም በሞላ ቁጥር ደጄን እዘጋለሁ፤
ውሻው ሲጮኽ ግን
ከታች እሰማለሁ።