ባዶ መስመር

ቀን የጀልባ ሞተር ሲፈታ፣ ሌት ቃል ሲገጥም የሚያነጋ፣
አዴሪቶ ፍላሹን ሰጠኝ፣ ግራሶ ጥፍሩ ሥር እንደረጋ።
«ዶና ግራሲዬቴ» አለኝ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ያለ ዕረፍት፣
የሳርዲን ፋብሪካን ሒሳብ በመደዳ ያሰለፍሽበት
እጅሽ ይኼ አይከብደውም። ሊዝበኖች መልክ ይያዝ አሉ፤
ስም መሐል፣ ንግግር ከሥሩ፤ አለዚያ ሳያነቡት ሊጥሉ።»

ከፈትሁት። አምላኬ! ሰውየው ታብ የሚባል አያውቅም ለካ፤
ስሙን መሐል ያደረሰው ስፔሱን እየነረተ፣ በዓይኑ እየለካ።
አንዲት ቃል ብጨምር፣ መስመሩ ልክ እንደ ሰከረ መርከበኛ
ተንገዳግዶ፣ ወርዶ ወርዶ፣ ታችኛው ላይ ሄዶ ሊተኛ።
ገባሁበት። ኅዳጉን ሳብሁ፤ ስሞቹን መሐል ተከልሁ፤
የመድረክ መመሪያውን ሁሉ በቅንፍ ከትቼ አዘንብል አልሁ፤
«ትገባለች»፣ «መስኮት ይዘጋል»፣ «ከውጭ ፉጨት ይሰማል»፣
ትሪ እንደያዘ አስተናጋጅ፣ ዘንበል ብሎ በጎን ያልፋል።

ማክሰኞ ደወለ። «ሮዛ እኅቴ ስሜን አውጣ ብላ ተቆጣች፤
ዴልፊና በይልኝ በሙሉ።»
ፈልግ። ተካ። ሁሉንም።
ሁለት መቶ ሦስት ሮዛ በአንዲት ጠቅታ ጠፋች።
በማግስቱ ሳነበው ግን፣ የወጥ ቤቱ ሮዛማ ግድግዳ
«ዴልፊናማ» ሆኖ ቆየኝ፤ ስሙን የማላውቀው ቀለም፣ እንግዳ።
ሳቅሁና ነገርሁት። «ተይው» አለኝ፣ «ይኼስ ያምራል፤
ሴት የኖረችበት ግድግዳ መልኳን ቢወስድ ምን ይገርማል?»

ኃጢአቴ የመጣው ከዚያ ነው። በየትዕይንቱ፣ በየቦታው፣
አምስት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ ሰባት ባዶ መስመር ተኝቶ ሳየው
(የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ባዶ ረድፍ ወይ ስርቆት ወይ ስንፍና ነው)
ጠርጌ ጠርጌ አወጣሁት። ዘጠና ሁለት የነበረው
ሰባ አንድ ገጽ ሆኖ ቀረ፤ እንደ ታጠበ ሣህን ንጹሕ።
ኮራሁ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ።

ሐሙስ ማታ፣ በዓሣ አጥማጆቹ ክበብ፣ ከቢሊያርዱ ጀርባ፣
ኢዳሊና ዴልፊናን ሆና፣ ሴቬሪኖ ባሏን ሆኖ ሲገባ፣
«ልጁስ?» አለች።
«ባሕር ወሰደው።»
«ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ብላ» አለች፤
ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፣ እንደ ፈጣን ባቡር ጣቢያውን አለፈች።
አዴሪቶ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። በዚያ ግራሶ በጠጣ ጣቱ
ወረቀቱን ነካ፤ «እዚህ ጋ ዐሥራ ሰባት ነበሩ፤ የታሉ?»
«ባዶ ነበሩኮ» አልሁት።
«ባዶማ ናቸው። ግን ቆጥሬ ነው የመታኋቸው።
ሮዛ ያን ቀን፣ ጭልፋውን እንደያዘች፣ ምን ያህል ዝም እንዳለች
እኔ ነበርኩ አጠገቧ።»

ማንም አልተናገረ። ቢሊያርዱ ጋ አንዲት ኳስ ሌላዋን ገጨች።

ቤቴ ገብቼ ተቀመጥሁ። በቅንፍ፣ አዘንብዬ፣ «ዝምታ» ጻፍሁ።
አየሁት። አይሆንም። ቃል ነው፤ ድምፅ አለው። አጠፋሁ።
«ረጅም ዝምታ» አልሁ። ይባስ ረዘመ እንጂ ዝም አላለም።
ሌሊቱ ሲጋመስ ኢንተሩን ተጫንሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ሰባት ላይ እጄ ከበደኝ፤ ዐሥራ ሰባት ላይ ቆምሁ።
ጠቋሚዋ ከገጹ ግርጌ ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ፣ ጥፍት፤
ልትናገር አፏን ከፍታ፣ መልሳ እንደምትገጥም ሴት።

ጠዋት የኮፒ ቤቱ ልጅ አንዷን ቅጠል መዝዞ፣ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ፣
«እመቤቴ፣ ይቺ ባዶ ናት፤ ስሕተት ሳትሆን አትቀርም፤
ላውጣት? ሒሳብ ይቀንስልሻል» አለኝ፣ ለእኔ ተጨንቆ።

«እሷንም ቁጠራት» አልሁት፤ ዐሥር ሳንቲሜን ቆጥሬ ሰጠሁ።