የሲልቫኖ ሂሳብ

ትሪየስቴ ላይ ነፋስ አለ፣ ስሙን ቦራ የሚሉት፤
እኛ ጋ የበሬ ስም ነው፣ ግንባሩ ነጭ ላለበት።
ይኼኛውም ይዋጋል፣ ከኮረብታ ተንደርድሮ፤
ሰውን ከነዘንቢሉ ይጥላል፣ እንደ እንዝርት አሹሮ።
ድሮ በየማዕዘኑ ገመድ ይወጠር ነበር አሉ፣
መንገደኛ ይዞት እንዲያዘግም፣ ሽማግሎች እንዳይጣሉ።

ሲልቫኖ ጫማ ሰፊ ነው።
በመጣሁበት ዓመት፣ ያለ ዋስ፣ የክፍሌን መያዣ ከፈለ፤
"ስትችል" እንኳ ሳይለኝ፣ "ቁልፉ ይጠብቃል፣ ዘይት ቀባው" አለ።

እኔ ግን ደብተር ገዛሁ።
ሰማያዊ ልባስ ያለው፤ ጻፍሁበት አንድ ባንድ፦
መያዣ፣ አራት መቶ። ትኬት፣ ለኡዲኔ መንገድ።
መነጽር። የተዋስሁት ምድጃ። ሁለት ሶል፣ የግራና የቀኝ።
ሾርባ፣ ሦስት ጊዜ። (ሾርባም ጻፍሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።)
"ብድር በምድር" ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤
ሰማይ ቤት ድረስ ተሸክሜው እንዳልሄድ ነው የፈራሁት።

ሰባት ዓመት ሞላ። በፖስታ አሽጌ፣ ቆጥሬ፣ ደግሜ ቆጥሬ፣
ከሙጫው ቆርቆሮ አጠገብ አኖርሁት፣ በኩራት ሰክሬ።
ከፈተው። አየው። ዘጋው።
የሴት ጫማ ተረከዝ ላይ አንድ ሚስማር መታ፤
ገብቶ ካለቀም በኋላ፣ መታ፣ መታ፣ መታ።
"ጨረስን ማለት ነው?" አለኝ፣ ቀና ሳይል ከጫማው።
"አዎ" ልል ነበር። አንደበቴን ምን ያዘው?
ፖስታዬን ይዤ ወጣሁ።

በክረምቱ ቀኝ እጁ ከዳው። መርፌው ከጣቱ ሸሸ፤
ሱቁ ጨለመ፣ ሙጫው ደረቀ፣ የተንጠለጠለው ቆዳ ጠለሸ።
እንጨት ላምጣልህ? "አለኝ።" ምግብስ? "በላሁ።"
መድኃኒት ቤት ልላክ? "ነገ ራሴ እሄዳለሁ።"

ተቆጣሁ፣ ደጁ ላይ ቆሜ፣ ካልሲዬ እስኪርስ፦
"እየሰጠ ብቻ የሚኖር፣ ወዳጅ ነው ወይስ ንጉሥ?
የእኔ እጅ ለመቀበል ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረ?
እኔ በወረቀት ከጻፍሁ፣ አንተም በልብህ ስትጽፍ ነበረ!"
በሩ አልተከፈተም።

በማግሥቱ ቦራ ተነሣ። የሐኪም ቀጠሮ ነበረው።
አምስት ርምጃ ሄዶ ቆመ፤ ኮፍያውን ነፋስ ወሰደው።
ገመድ የለም ዛሬ፤ የለም።
ከማዶ እንዳለሁ አውቆ፣ ዞር ብሎ ግን ሳያየኝ፣
ክንዱን ከኪሱ አውጥቶ፣ ወደ ጎን፣ ዘረጋልኝ።

ያዝሁት። ከበደኝ። ያ ክብደት፣ እላችኋለሁ፣
ከፖስታው ይበልጥ ነበር፤ እንዴት እጽፈዋለሁ?
ቀኑን ሙሉ ተራ ጠበቅን፣ አንድ ወንበር ለሁለት፤
ቋንቋዬ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል፣ እኔ ነኝ የዘገየሁት፦
ውለታ ከመዋል ነው የሚወጣ፤ "ዋለልኝ" ስል የኖርሁት
አብሮኝ መዋሉ ነበር።

ደብተሩ አሁን እሱ ሱቅ ነው። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣
የማን ቦት ጫማ፣ ለመቼ፤ ማታ ማታም መርፌ አሰካለታለሁ።
ትናንት የፊት ገጾቹን አገላብጦ አየና ሳቀ፤
"ሾርባውን ሰርዘው" አለኝ፤
"ጨው አልነበረውም።"