ስምንት፣ ስምንት

የሱቄን ብረት በር አጋምሼ ሳወርድ፣
ጎንበስ ብላ ገባች፣ ዋጋዬ፣ ስትርበደበድ፤
ኮምፒውተር ጠቅልላ በአበባማ አንሶላ፣
እንደ ታመመ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ።

«ሁለት ልጅ፣ አንድ ሳጥን፤ ሌት ተቀን ጭቅጭቅ።
ኤልያሽቭ ይጫወታል፣ ሞርያ ቤት ትስላለች፣
ተማሪ ናት፣ የምትስለው ቤት በስክሪን ላይ ይቆማል።
ሁለተኛ ካርድ ገዛሁ፣ ጠቡ ይብረድ ብዬ፤
ሰኩት፣ ሠራ። የሷ ግን ያነክሳል፤
በል እየው ጌታዬ፣
አውቶቡሴ ሳይመጣ።»

ብሎኖቹን ፈታሁ ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣
የማዘርቦርዱን ሆድ አየሁት ተክዤ።
ላይኛው መሰኪያ ረጅም፣ ታችኛውም ረጅም፣
ለተመልካች ዓይን አንዱ ካንዱ አይለይም፤
ግን የታችኛው አፍ፣ ብርሃን ሲገባበት፣
ሩቡ ብቻ ጥርስ፣ ቀሪው ድድ ነው ያለበት።
ቅኔ ነው ብል ያምራል፦ ሰሙ እስከ ዳር ሞልቶ፣
ወርቁ አራት መስመር ላይ እንደ ቆመ ቀርቶ።

ዳር ከተማ ያለውን፣ ሌሊት የማይጨልመውን
የቺፕ ፋብሪካ ወለል
አሥር ዓመት ወልውላለች፤
ቺፕ ፊት ለፊት ስታይ ግን ገና ዛሬ ነው፣
ቂርያት ጋት፣ ላኪሽ ጎዳና፣ በኔ ባትሪ ጭላንጭል።

«እዪ» አልኳት፣ «መሐል ያለው ፕሮሰሰር
ሃያ አራት መስመር አለው፤ ሌላ አይወልድም።
አሥራ ስድስቱ ለላይኛው ነው፣ ቀጥታ።
አራቱ ለዲስኩ።
የቀሩት አራቱ ለዚህች ለጥጓ ቺፕ፤
እሷ ደግሞ ለኪቦርዱ፣ ለድምፁ፣ ለኔትወርኩ፣
ለሁሉም ደላላ ናት።
የሞርያ ካርድ ከነሱ ኋላ ተሰልፏል።
ፕሉጎት መገናኛን እሑድ ጠዋት አስቢው።
የካርዷ ጉልበትማ ከወንድሟ አያንስ፤
መንገዱ ነው እንጂ እግሯን የሚያስነክስ።»

ዝም አለች። ጓንቷን አወለቀች፣ ጣት በጣት።

«እኔም እንደዚህ ነው ያቺን ልጅ ያሳደግኋት።
ለኤልያሽቭ ከእጄ፣ ቀጥታ፣ ሳይዞር፤
ለሷ በአክስቷ በኩል፣ በጎረቤት በር።
‹አንቺማ ጎበዝ ነሽ፣ ትችያለሽ› እያልኩ፣
ሲስቅ አፏን አይቼ፣ ጠግባለች ብዬ ዞርኩ።»

ምን ይባላል? ብሎን ለቀምኩ።

«እኩል አይሆንም?»
«በዚህ አይሆንም። ሌላ ቦርድ አለ፣
አሥራ ስድስቱን ሰንጥቆ
ስምንት ለዚህ፣ ስምንት ለዚያ የሚያካፍል።
ሺህ ሰቅል ነው።»
«ስንት ሌሊት ይሆናል?»
አሰብኩላት። «ሦስት።»
«የልጁስ? ግማሹ ሲወሰድበት አይጎዳም?»
«ለክቼው አውቃለሁ፤
ከመቶ ሁለት ወይ ሦስት ነው የሚጎድልበት።
ካልነገሩት አያውቅም።»

ሳቀች፣ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«አንነግረውማ!»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦርዱን ቀይሬ፣
ሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን ሰድሬ፣
ስክሪኑን ወደሷ አዞርኩት። ስምንት። ስምንት።
ቁጥሮቹን በጣቷ ነካቻቸው፣
አንዱን ከሌላው ጋር ደግማ አስተያየች፣
እንደ ሽሮ ስፍር።

ከዚያ አሮጌውን ቦርድ ከጠረጴዛዬ አነሳች፣
ገለበጠችው፣ ጀርባውን በመዳፏ ዳበሰች።
«ማዘር ነው አይደል የምትሉት?»
«አዎ፣ ማዘርቦርድ።»
«ማዘርስ?
ይሄን ሁሉ አከፋፍላ፣ ለራሷ ስንት ቀራት?»

መመሪያውን ገለጥኩ፦ ሥዕሉን፣ ሠንጠረዡን፣
በዕብራይስጥ የተጻፈችውን የግርጌ ማስታወሻ፤
ሃያ አራቱም ተደልድሏል፣ ስም ወጥቶለታል፤
እሱን የጻፈ የለም።

ውጭ አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፋ።
አንሶላዋን አራት አጥፋ ብብቷ ሥር አደረገች፣
ሳጥኑን ልጆቹ ይወስዱታል ብላ
ወደ ሌሊቷ ሄደች።