ጎድጓዳዋ

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ጨለማ፣
የታክሲ ረዳት አልጮኸ፣ የውሻ ድምፅ አልተሰማ።
መንፊያዋን ከብብቴ ሥር እንደ እንቁላል አሙቄያለሁ፤
ብርድ የመታው ነሐስ ከንፈር እንደሚነክስ አውቃለሁ።

በፖሊስ ማርሽ ባንድ ሳለሁ ሌላ ነበረች ያፌ ጌጥ፣
እንደ ጠርሙስ ክዳን ጠፍጣፋ፣
ድምፅዋ ፀሐይ የነካው መስታወት፣
ሰልፈኛ የምታደርግ ቀጥ።

ይህችን ሻምበል ደጀኔ ነው ጡረታ ሲወጣ የሰጠኝ፦
«ጽዋዋ ጥልቅ ነው፤ ትንፋሽ ትጨርሳለች፣
ከላይኛው ኖታ ታወርድሃለች፤
ግን ሰው ሰው ትላለች።»
ሳቅሁ። ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ
ከሚስማር ጋር ተኛች።

አሁን የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ ሰብሳቢው በኔ ተማረሩ፦
«ይሄ መርዶ ነው ወይስ እሹሩሩ?
ብሎክ አርባ እንዳለ ተኝቷል፤ ድንኳን የሚተክል ጠፋ!»
እውነታቸውን ነው።
ጥልቅ ጽዋ ከድምፁ መጀመሪያ ለራሱ ይጠጣል፤
ትራፊውን ነው ለሰፈር የሚያካፍል።

ዛሬ የወይዘሮ ትርንጎ ተራ ነው።
ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ ይዘውኝ፣
«የኔ ቀን ሲደርስ አደራ፣
ሕፃናቱን እንዳታስፈራ»
ብለውኝ ነበር።

ጽዋውን ከከንፈሬ አስጠጋሁ፤
ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጠሁት።
ድምፁ በኮሪደሩ አለፈ
ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ ሰው።

የልጅ ልጆቻቸው አልነቁም።
ሰብሳቢውም አልነቁም።
መንፊያዋን ወደ ብብቴ መልሼ
ከብሎክ አንድ ጀመርሁ፤
በር ማንኳኳት፣ አንድ በአንድ።