ወደ ፖንግሳሊ

አንድ ሰዓት ነበር የተባለው፤ የተነሳነው በአራት፤
እስከዚያ ጣሪያው ላይ ሲወጣ አየሁ የሰው ሁሉ ንብረት፦
ሩዝ በጆንያ፣ የቆርቆሮ ክምር፣ ሁለት ሞተር ብስክሌት፣
ስሙን የማላውቀው ቅጠል በቅርጫት፣ በቅርጫት።
ረዳቱ፣ ፈረንጅ በሚጠሩበት ቃል፣ ‹‹ፋላንግ!›› ሊለኝ ጀመረ፤
ፊቴን ቀና ብሎ አየና ቃሉን ካፉ ላይ አስቀረ።
በጣቶቹ ወንበሬን ቆጠረልኝ፦ ዘጠኝ።
ከኡዶምሳይ እስከ ማታ ሁሉም በዚሁ ቁጥር ጠራኝ።

ሻንጣዬን ለጣሪያ አልሰጠሁም፤ አቀፍኩት በጭኔ።
ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም ፍርሃቶች ናቸው የእኔ፦
አንዱ ለፓስፖርት፣ አንዱ ለገንዘብ፤ ያ ሦስተኛው ቁልፍ
ምን እንደሚጠብቅ ረስቼዋለሁ፤ ብቻ ይቆለፍ።

ወንበር ሲያልቅ መተላለፊያው ላይ ቀይ በርጩማ ተደረደረ፤
በርጩማው ሲያልቅ ጆንያ፤ በጆንያውም ላይ ሰው ነበረ።
ረዳቱ ሮዝ ፌስታል አደለ፣ እንደ ጸበል፣ ለሁሉም፤
‹‹ለምን?›› አልኩት በምልክት፤ አልመለሰልኝም።
ኩርባው መለሰልኝ።
ተራራው ሲዞር ሆድ ዞረ፤ አንገት ሁሉ ተደፋ፤
ከፊት ወንበር እስከ ኋላ የፌስታል ኮሽታ ሰፋ።

አጠገቤ አንዲት ሴት። (ሴንግማኒ ናት፤ ስሟን ያወቅኩት ኋላ ነው።)
ጭኗ ላይ የተጠቀለለው ሕፃን ነበር የመሰለኝ፤
ጉድጓድ ባነጠረን ቁጥር በክንዷ ትመክትለታለች።
ብርድ ልብሱ ሲንሸራተት ጥቁር ብረት ብቅ አለ፣
ጎኑ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ፣ ግማሹ ተፍቆ ያለቀ፦
የስፌት መኪና ራስ።
እኔ ሻንጣዬን፣ እሷ መኪናዋን፣ ሁለት አራስ መስለን
አራት ሰዓት ያህል ተቀመጥን፣ ቃል ሳንነጋገር፣ ታቅፈን።

ፓክ ናምኖይን ካለፍን በኋላ መንገድ የለም።
ተራራው ወርዶ ተኝቶበታል።
ሾፌሩ ሞተር አጠፋ፤ ሲጋራ ለኮሰ፤ ‹‹መቼ?›› ያለ ማንም የለ፤
እኔ ብቻ ሰዓቴን አየሁ። ደግሜ አየሁ።
ሰዓቱ ምን ያድርግ?
ወንዱም ሴቱም ወረደ፤ በአካፋ፣ በእጅ፣ በቆርቆሮም ጭምር
ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። ያ ቆርቆሮ የማን ጣሪያ ሊሆን ነበር?
እኔም ልውረድ ብዬ፣ ሻንጣዬስ ብዬ፣ በሩ ላይ ቆምኩኝ፤
ሴንግማኒ ሦስቱን ቁልፎች አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።
ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።
ያን ከባድ ብረት፣ ምናልባት የዓመት ልፋቷን፣
ጭኔ ላይ አኖረችው፤
እጅጌዋን ሰብስባ ወረደች። ዞር ብላ እንኳ አላየችው።

ሁለት ሰዓት ታቀፍኩት። እግሬ ደነዘዘ።
የዘይቱ ሽታ ልብሴ ውስጥ ገባ።
እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ስትመለስ
ከንፍሮ ሩዟ ጨብጣ ሰጠችኝ፤ በላሁ፤
እሷ ደረቷን ነክታ ስሟን አለች፤ እኔም የእኔን አልኩ፤
ሳቀች፤ ‹‹ዘጠኝ›› ይሻላል መሰለኝ።

መሸ። መብራት በሌለበት፣ ቤት በማይታይበት ስፍራ
ሴንግማኒ የአውቶቡሱን ጎን መታች። አንድ ሰው ባትሪ አበራ።
ደረጃው ከፍ ያለ ነው፤ ብረቱ ያንሸራትታል፤
ወዲህ እኔ፣ ወዲያ እሷ፣ ይዘን አወረድነው፤
ባሏ ይሁን ወንድሟ እንጃ፣ አዝሎ ወሰደው።
አልተሰነባበትንም። ባትሪው ቁልቁል ሄደ፣ ሄደ፣ ጠፋ።

ስመለስ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሻንጣዬን ጥዬው ነበር የወረድኩት!
የማላውቀው ልጅ ራሱን ደግፎበት፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤
ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ለሀጩ ይንጠባጠባል።
አልቀሰቀስኩትም። ሄጄ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

‹‹የማያውቁት አገር አይናፍቅም›› ይላል የእኛ ሰው፤
እውነት ይሆናል። ያን መንደር ታዲያ ምን ልበለው?
በቀን አላየሁት፤ ስሙን አልጠየቅኩ፤ ውሻ ሲጮኽ ብቻ ሰምቻለሁ።
ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ የማሽን ዘይት አለ፤
በሦስት አገር ሳሙና አጠብኩት፤
ይኸው፣ አለ።