እግሬ አውጪኝ

የእሳት መኪናዬን «ሙሽራ» ይሏታል ባልደረቦቼ ሁሉ፤
«ታጥባ ትውላለች፣ ድግሷ መቼ ነው?» እያሉ።
አሥራ አንድ ዓመት ጎማዋን ስነፋ፣ ውኃዋን ስሞላ፣
አንድም ቀን አልወጣች ከልምምድ ሌላ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጦይባ ከማማው በሬዲዮ ጠራችኝ፤
ድምጿን ሳትለውጥ «ይመር፣ ሞተር አስነሳ» አለችኝ።
ምን ሆነ አላልኩም። ቀና አልኩ ወዲያው፣
ከየጎፍ ትከሻ ብቅ አለ ጄቱ፣ ፀሐይ ሲያበራው፤
ጎማ ከአፍንጫው ሥር አንድ፣ ከግራው ክንፍ አንድ፣
በቀኙ ግን የለም፤ የተከፈተ ባዶ ሆድ።

ሰማንያ ሰባት ሰው።

አስፋልቱን ሊነካ ሲል ቀና ብሎ አለፈ፤
ዞረ በቦርከና ላይ፣ በጨርቃ ጨርቁ ጣራ፣ በሐርቡ መንገድ፣
ነዳጁን ሊጨርስ፣ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ደግሞ ሲሄድ።
ኮምቦልቻ ቆመች። ባጃጆች ሞተር አጠፉ፤
ሰዎች በአጥሩ ጥግ ዝም ብለው ተሰለፉ።
«ፒኗ ናት» አለ ሙሄ፣ የአይሱዙ ጋራዥ ያለው፣
አውራ ጣቱን አሳይቶ፦ «ይህችን የምታህል ናት ሁሉን የያዘችው።»

እኛ አገር ሰው ሲሸሽ «እግሬ አውጪኝ» ይላል።
እኔም ብያለሁ፣ በዚያ በክፉው ሰሞን።
ያን ቀን ግን ገባኝ የቃሉ ሌላ ፍቺ፣
ሰማንያ ሰባት አፍ ከላይ የሚል መሰለኝ፦ «እግሬ፣ ውጪ! ውጪ!»

በስድስተኛው ዙር ክንፉን ናጠው፣
ቁርጥማት እንደያዘው ሰው።
ጦይባ ዓይኗን ከመነጽሩ ሳትነቅል
«ወጥቷል» አለች። ቆይታ ደግሞ፦
«መቆለፉን ግን እንጃ።»

በግራው ወረደ፣ ቀኙን እንደ ቁስለኛ አንጠልጥሎ፣
ረጅም መንገድ ሄደ፣ ፍጥነቱ እስኪከዳው ችሎ።
ከዚያ ቀኙን ጣለው። እግሩ ታጠፈ። ክንፉ አስፋልት ላሰ፤
ብልጭታው እንደ ብየዳ እስከ ሣሩ ደረሰ።
ሙሽራዬ ወጣች። ነዳኋት ይሁን ነዳችኝ አላውቅም፤
አረፋ ስረጭ እጄ አልተንቀጠቀጠም።
አሁን ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ይህን ስጽፍ።

በላስቲኩ ተንሸራተው ወረዱ፤
አንዱ ባንድ እግር ጫማ፣ አንዷ የሰው ልጅ ታቅፋ፣
አንድ ሕፃን «ይደገም!» እያለ።
«ሽሹ! እግሬ አውጪኝ በሉ!» ብዬ ብጮህ
ማን ይስማኝ?
ቆመው እግራቸውን ያያሉ።

ፒኗን ማታ ሣር ውስጥ አገኟት፣ ለሁለት ተሰብራ።

እሑድ ጠዋት ሙሽራዬን አጠብኳት።
አረፋው ከጎማዋ አልለቅ አለ።
ስለ ድግሷ የጠየቀኝ የለም።