የአራት ነጥብ ማደሪያ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎኩ ሥር፣ ከደረጃው ጎን ምድር ቤት፣
ጤፍ ይታጨድበት በነበረ መሬት፣
አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ ሁለት ወንበር አለኝ፤
ውል እጽፋለሁ፣ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የመጣው ያዘዘኝ።
ዎርድ ነው በሬዬ። ግራና ቀኙን እኩል አስይዤ አርሳለሁ፣
ቆጥሬ እቀበላለሁ።
ደንበኛ እንደሆነ ከፊርማና ከማኅተም ሌላ አያይም፤
በቃልና በቃል መሐል ስንት ጋሻ መሬት ጦም እንዳደረ አይጠይቅም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ አጥናፉ መጡ፤
ከዘራቸውን ከማተሚያው አስደግፈው ተቀመጡ።
ሁለት ገጽ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ጉርድ ፎቶ፤
«የትርንጎ ዐርባ እሑድ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸው ተጎትቶ።

ጻፍኩላቸው። ትኩሱን ወረቀት ተቀብለው
አላነበቡትም፤ ዘቅዝቀው አዩት፣ ዐይናቸውን አጥብበው።
«ውኃ ይወርድበታል» አሉ።
ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤
ያ የላይ ቤት ቧንቧ ደግሞ ፈነዳ ብዬ ባልዲ ፈለግሁ።
«እዚህ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር
ያንን ነጭ ጅረት ተከተሉት፣ ከአናቱ እስከ ግርጌው፣ ከመስመር ወደ መስመር።

ለካ አርባ ዓመት ሙሉ ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤
እንደ ምስር፣ አንድ ባንድ፣ እርሳሱን ሲቆነጥሩ፣ ሲደረድሩ
የኖሩ። መስመር ቢጎድልባቸው የሚሰኩት ነበራቸው፣
ከሲጋራ ወረቀት የሳሳ፤ ቢተርፍ ደግሞ ሞረድ ነበር በኪሳቸው።
«ያኔ በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ ነበር ዘበኛ፤
ዘበኛውን አሰናበታችሁ፣ ይኸው ሜዳው ቀረ ያለ እረኛ።»

ከሁሉ የከፋው ግርጌ ላይ ነበረ።
«በሰላም ዐረፈች» ይላል፤ መስመሩ እዚያው ሞልቶ ታጠረ፤
አራት ነጥቡ ብቻውን ታች ወርዶ፣ ባዶ መስመር ላይ ተገትሮ ቀረ።
«እሷስ ዐረፈች» አሉ። «ይኸ ምን በድሎ ውጭ ያድራል?»

ክፍተቱን ብሰርዘው ቃሉን ጎትቶ ይዞት ወረደ፤
የላይኛው መስመር እንደ ላላ ጥርስ ሳሳ፣ ተበረገደ።
ቀጭን ክፍተት ፈልጌ አስገባሁ፤ ፎንቱ አላውቀውም አለ፣
በቦታው ባዶ ሳጥን ተከለ።
ጋሽ አጥናፉ ሳጥኑን አዩ።
ሳጥን በቅቷቸው ነበር።
«እሱንስ አጥፊልኝ።»

«ኢንዲዛይን ቢሆን» አልኩ፣ «አንቀጹን ሙሉ ይሰማል፣ እንደ ሽማግሌ፤
የአሥረኛውን መስመር አቤቱታ ሳያደምጥ በአንደኛው አይፈርድም።
የእኔው ግን በደረሰበት ይቆርጣል፤ ነገ የሚባል አያውቅም።
ከተማ የሚሠሩበት ልጆች አሉ፣ በገጽ...» ዋጋውን ነገርኳቸው።
በበሩ አሻግረው የታክሲውን ሰልፍ አዩ።
እስከ እሑድ ያለውን ቀን በጣታቸው ቆጠሩ።
«ምላጭ አለሽ?»

ዐይን ይደክማል እንጂ እጅ አይረሳም።
ነጥቡን ከነወረቀቱ ቆረጡት፣ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጥም፤
በምላጩ ጫፍ ኮላ አስነክተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣
ከ«ዐረፈች» አጠገብ አስቀመጡት፣ ከመስመሩ ጫፍ ትንሽ አሳልፈው፣
ኅዳጉ ላይ።
«ወጣ እኮ» አልኳቸው።
«ይውጣ። ትንሽ ሲወጣ ነው ለዐይን ቀጥ የሚለው።»

መቶ ሃያ ቅጂ አነሳሁ።
በየአንዳንዱ ላይ፣ በነጥቡ ዙሪያ፣ የቁራጩ ጠርዝ
ፀጉር የምታህል ጥላ ጥላለች።
ማሽኑን ትንሽ ባነጣው ትጠፋ ነበር።
አልነካሁትም።

ረቡዕ ጧት የቤት ኪራይ ውል ጻፍኩ፣
አውጥቼ ዘቅዝቄ ያዝኩት።
«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ተከራዩ፣ ሰዓቱን እያየ።
«ውኃ» አልኩት።